ኖር የማይባልበት ሜዳ

መጀመሪያ ጭንብሉ። ጭንብል ሳታጠልቁ ሜዳ አትገቡም። ቢያልባችሁም፣ ቢያሳክካችሁም፣ መስታወቱ ጉም ቢለብስም አታወልቁትም። ሁለተኛ ቡሹ። ይቺ አፈሙዙ ላይ የተሰካችው ቀይ ቡሽ ካልተነቀለች ቃታውን እስከ ማታ ብትስቡ ምንም አይወጣም። ሜዳ ስትገቡ ትነቅሏታላችሁ፣ ስትወጡ መልሳችሁ ትሰኳታላችሁ። ሦስተኛ፣ ኳሷ ቀለም ናት፤ አትገድልም፣ ግን ታሳምማለች። የቀረው ልብ ነው። የማይፈራ ሰው የለም፤ ፈርቶም የሚያነጣጥር ሰው ግን አለ፤ እሱ ያሸንፋል።

ይህን ንግግር ሰኞ ሰኞ ጠዋት አደርጋለሁ። ለስንት ዓመት እንዳደረግኩት መቁጠር ትቻለሁ። አፌ ሲናገር እኔ ሌላ ነገር አስባለሁ፤ ምሳ ምን እንደምበላ፣ ወገቤን ምን እንደነካኝ። ሔራን እባላለሁ፤ ከከተማው በስተምሥራቅ ባለ አንድ የቀለም ማሠልጠኛ አስተምራለሁ። በራችን ላይ «በልበ ሙሉነት ይፋለሙ» የሚል ተጽፏል። ልበ ሙሉ ሆኖ በዚያ በር የገባ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም።

ልጅ ሳለሁ ሰው ሲካሰስ ጠበቃ ይዞ ፍርድ ቤት ይሄድ ነበር። አባቴ በአጥር ተካሶ ውሳኔውን ሳይሰማ ሞተ። ከሳሹም ሞተ፣ ዳኛውም ሞቱ፣ አጥሩም በስብሶ ወደቀ። ከዚያ በፍርድ ቤቱ ፋንታ ቀለም መጣ። ጠዋት ትገባለህ፣ የተቀባ ይወጣል፣ ያልተቀባ ይወስዳል፣ ለምሳ ቤትህ ትደርሳለህ። ሰው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ተሰለፈ። እኛ ደግሞ ለሰልፍ መቼ እንሰንፋለን! ዛሬ አውቶቡስ ላይ ደረቱ የተቀባ ሰው ከተቀመጠ ማንም አያናግረውም፤ ወይ ቤት ሄዶበታል፣ ወይ ትዳር። ቀለሙ ሳምንት ሙሉ በሳሙና አይለቅም። ይግባኝ እንዳይኖር ነው ይላሉ።

የእኛን ሰው ተኩስ አይቸግረውም። ድንጋይ እየወረወረ ያደገ ነው፣ ያነጣጥራል። መሸሸግም አይቸግረውም፤ ከመንግሥትም ከዘመድም ሲሸሸግ ነው የኖረው። የእኛ ሰው ችግሩ አንድ ነው፤ ይነሳል። ከበርሜል ጀርባ ተንበርክኮ ቁጭ ብሎ ሳለ ባላጋራው ሽበቱን ይዞ ብቅ ይላል። ያን ጊዜ ብድግ! «ኖር!» ሽማግሌውም «በእግዜር» ይላል፣ ጧ ያደርገዋል። ቤት ሄደ፣ መሬት ሄደ፣ ለአክብሮት። ሌሎች ማሠልጠኛዎች ይህን አውቀው ለሸመገሉ ደንበኞቻቸው «አገባብ» የሚሉትን ያስተምራሉ። አትጎንበሱ፣ አትሩጡ፣ ለቅሶ ቤት እንደምትገቡ ሆናችሁ ቀስ ብላችሁ ግቡ፣ እሱ ራሱ ይነሳላችኋል ይሏቸዋል። ወይ ጉድ!

እኛ ጋ ደግሞ መድኃኒቱ አለ። ዘበኛችን አባባ ኢዮሲያስ ከሰዓት በኋላ ከበሩ ይነሱና በሜዳው መሀል ቀስ ብለው ያልፋሉ። ነጭ ጺማቸው፣ ጋቢያቸው፣ ምርኩዛቸው፣ ሁሉ ነገራቸው የሚያስነሳ ነው። የተነሳውን ተማሪ እኔ እቀባዋለሁ። ድሮ አባባ «በእግዜር፣ በእግዜር፣ ልጆቼ» እያሉ ያልፉ ነበር። አሁን ዝም ብለው ያልፋሉ። ደመወዛቸው ላይ ለዚሁ ትንሽ ተጨምሮላቸዋል።

ያፌት የመጣው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ውሃ አውጪ ነው። የውሃው ግፊት ሁለተኛ ፎቅ ላይ በሚደክምባቸው፣ ሊፍቱ ከተገጠመ ጀምሮ በማይንቀሳቀስባቸው በእነዚያ ረጃጅም ሕንፃዎች ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ ሰው ማለት ነው። ትከሻው እንደ ቁም ሣጥን ሰፊ፣ ጉልበቱ ግን ያለቀ። ሃምሳ አልሞላውም፤ ሲቀመጥ እንደ ሽማግሌ ያቃስታል።

«ክሱ የምንድን ነው?» አልኩት።

«ክስ አይደለም እትዬ። ቤት ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በሕንፃቸው ምድር ቤት ወራሽ የሌለው ሰው ሞቶ አንድ ቤት ተለቀቀ። የያፌት እናት እማማ ሶልያና ስምንተኛ ፎቅ ናቸው፤ እግራቸው ከያዛቸው ወዲህ መሬት አልረገጡም።

«ባለፈው ፋሲካ አዝዬ ላወርዳት ነበር» አለኝ። «ጀርባዬ ላይ ካደረግኳት በኋላ ‹እኔ ጀሪካን ነኝ?› ብላ አለቀሰች። መልሼ አስቀመጥኳት። ደጅ ቁጭ ብላ አፈር መርገጥ ነው የምትፈልገው። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም።»

«ባላጋራህስ ማነው?»

«ኧረ ባላጋራ አይበሏቸው! ጋሽ ናሆም ናቸው፣ የእድራችን ዳኛ። አባቴን ያስቀበሩት እሳቸው ናቸው። ዘጠነኛ ፎቅ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ የሳቸውም ጉልበት አብቅቶለታል። ውሃቸውን የማወጣላቸው እኔ ነኝ።»

«አሁንም?»

«ታዲያ በውሃ ጥም ይሙቱ?»

«እንደዚህ ከተዋደዳችሁ ለምን ቁጭ ብላችሁ አልተስማማችሁም?» አልኩት። ጥያቄው የወግ ነው፤ መልሱን አውቀዋለሁ።

ያፌት አንገቱን ደፋ። «ተስማምተን ነበር እኮ። ‹አንተ ውሰደው፣ እናትህ ትውረድ› አሉኝ። ‹የለም፣ እርስዎ ይውሰዱት› አልኳቸው። ‹ሞቼ ነው ቆሜ!› አሉ። እኔም ‹እኔ እያለሁማ አይሆንም› አልኩ። እንደዚህ ስንገባበዝ የማመልከቻው ጊዜ አለፈና ጉዳዩ በራሱ ወደ ቀለም ተላለፈ።»

መሳቅ ቃጣኝ፣ ግን ደክሞኝ ነበር። በግብዣ ቤቱን ያጣ የመጀመሪያው ሰው እሱ አይደለም። አሁን ደግሞ መተውም አይቻልም። አንዱ ከቀረ፣ ወይም ሁለቱም ሳይተኩሱ የሰዓት ማብቂያው ጥሩንባ ከተነፋ፣ ቤቱ ለመጠባበቂያ ተብሎ ይታሸግና ለማንም አይሰጥም። በየሕንፃው ምድር ቤት የታሸገ በር የሞላው በዚህ ነው።

«እንግዲያው ትተኩሳለህ» አልኩት።

«እተኩሳለሁ» አለ።

እውነቱን ለመናገር ያፌት ጎበዝ ተማሪ ነበር። ትንፋሹን መያዝ ያውቃል፤ ደረጃ አስተምሮታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ፣ እሱ አይቸኩልም። አንድ ኳስ ተኩሶ ይጠብቃል፣ ያያል፣ ከዚያ ሌላ። ከበርሜል ወደ በርሜል ሲሄድም ዝቅ ብሎ፣ አፈሙዙን ወደፊት አድርጎ ነው። ከቡድኑ ሁሉ በልጦ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ እስኪሆን ድረስ።

አባባ ኢዮሲያስ ምርኩዛቸውን እየመቱ ብቅ ሲሉ ያፌት ብድግ። «ኖር!» ጧ! ደረቱ ላይ ቢጫ።

በማግስቱም ብድግ። ጧ! በአረንጓዴ። በሌላው ቀን እጁን ከበርሜሉ እጀታ ጋር በሻሽ አስሮት ነበር፤ በርሜሉን ይዞ ተነሳ። ሌሎቹ ተማሪዎች በሳቅ ፈነዱ። እኔ አልሳቅኩም። ኳሱን ጎኑ ላይ አሳረፍኩበት፤ አመመው።

«አንተ ሰውዬ፣ እናትህን ታወርዳለህ ወይስ አታወርድም?» ብዬ ጮህኩበት።

«እኔ እኮ አይደለሁም እትዬ፣ ራሱ ነው የሚነሳው» አለና ጉልበቱን በቡጢ መታው። ጭንብሉን ሲያወልቅ ዓይኑ ውስጥ እንባ ነበር። «አባቴ ሽማግሌ ሲገባ ቁጭ ካልኩ በኩርኩም ነበር የሚለኝ። ምን ላድርገው?»

ተናደድኩ፤ በእሱ ነው ወይስ በሌላ አላውቅም። የዚያን ቀን ግን አንድ ነገር ታየኝ። ወደ ውጭ ሲወጣ ትከሻውን አየሁት። ባዶ ትከሻውን እንኳ እንደ ጫነ ሰው አስተካክሎ ነው የሚሄደው።

«ደረጃ ላይ ውሃ አፍስሰህ ታውቃለህ?» አልኩት።

እንደ ስድብ ቆጠረው። «እኔ? አንድም ቀን! ጠብታ አላፈስም።»

«እሺ። ነገ በርሜሉ ጀርባ ስትቀመጥ ትከሻህ ላይ ክዳን የሌለው ጀሪካን አለ ብለህ አስብ። ለእናትህ የምታወጣው ውሃ ነው። ከተነሳህ ይፈስሳል።»

በማግስቱ አባባ ኢዮሲያስ አለፉ። የያፌት ተረከዝ ከመሬት ተነሳ፣ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ። ተቀመጠ። አባባ ሁለት እርምጃ አልፈውት ቆሙና ዞረው አዩት።

«ይሄ ልጅ ዛሬ ታሟል እንዴ?» አሉኝ።

«አልታመመም አባባ፤ ተምሮ ነው።»

«አይ እንግዲህ» አሉ። «እግዜር ይማረው።» ምርኩዛቸውን እየመቱ ወደ በሩ ሄዱ።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ሜዳው የድሮ የገበያ አዳራሽ ነው፤ ጣሪያው ያፈስሳል፣ ወለሉ ላይ በርሜሎችና የአሸዋ ጆንያዎች ተደርድረዋል። አሠልጣኝ ከመረቡ ውጭ ይቀመጣል፣ መናገር አይፈቀድለትም። እኔ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ወገቤን ሳሽ ሁለቱ አብረው ገቡ። ያፌት ጋሽ ናሆምን ከዘጠነኛ ፎቅ ደግፎ አውርዷቸው፣ በአንድ ታክሲ አምጥቷቸዋል። ሂሳቡን እኔ ልክፈል፣ የለም እኔ፣ ሲሉም ከበር ጀምሮ ሰምቻቸዋለሁ።

ጋሽ ናሆም ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ ኮታቸው የተተኮሰ፣ ባርኔጣቸው የቆየ። ችሎት ነው ብለው ከረባት አስረዋል። የፍልሚያውን ሰደርያ ከኮቱ ላይ ሲያለብሷቸው ባርኔጣቸውን የሚያኖሩበት አጥተው ያፌት ተቀበላቸው። ጭንብሉንም ያጠለቀላቸው እሱ ነው።

«ይጥበቅልዎት ጋሼ?»

«ትንሽ ላላ አድርገው ልጄ። ጆሮዬን ይዞኛል።»

አላላላቸው። ከዚያ አንዱ በምሥራቅ በር፣ ሌላው በምዕራብ በር ገቡ።

ችሎቱ ድምፅ ብቻ ነው፤ ከጣሪያው ይመጣል፣ የሴትም የወንድም አይመስልም። «የምድር ቤት ጉዳይ። ቡሽ ይነቀል። ጀምሩ» አለ።

ያፌት ያስተማርኩትን ሁሉ አደረገ። ዝቅ አለ፣ ወደ ግራ ሄደ፣ ከትልቁ በርሜል ጀርባ ተንበርክኮ ቁጭ አለ፣ አፈሙዙን በጎን አወጣ፣ ትንፋሹን ያዘ። ጠበቀ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እኔ ጥሩንባውን ብቻ ነበር የፈራሁት።

ጋሽ ናሆም ብቅ አሉ። አልጎነበሱም፤ አልሮጡም። መሣሪያውን እንደ ዣንጥላ በጎናቸው ይዘው፣ ቀጥ ብለው፣ በሜዳው መሀል ቀስ እያሉ መጡ። አገባብ! አልኩ በልቤ። አስተምረዋቸዋል! አንድ ያልታወቀ ማሠልጠኛ ይሄን ምስኪን ሽማግሌ ወስዶ አገባብ አስተምሮ ልኮብኛል! ጥርሴን ነክሼ አትነሳ፣ አትነሳ፣ አትነሳ እላለሁ።

የያፌት ተረከዝ ተነሳ። ትከሻው ወደ ላይ ሄደ። አለቀልን አልኩ። ከዚያ ትከሻው ቆመ፤ እንደ ጫነ ሰው ተስተካከለ፤ ቀስ ብሎ ወረደ። ጠብታ አላፈሰሰም።

ጧ!

ብርቱካናማው ቀለም ከረባታቸው ላይ አረፈ። በደስታ ከአግዳሚው ብድግ ብያለሁ፤ አልደብቅም፣ ተማሪዬ ነው። ጋሽ ናሆም ግን አልወጡም። ወደ ደረታቸው አዩ። ከዚያ ከየት እንደመጣ ፈለጉና ከበርሜሉ ጀርባ የተቀመጠውን ያፌትን አገኙት። ቀለሙ ላይ እጃቸውን አድርገው ከወገባቸው ጎንበስ አሉ፤ ተደግሶ ሲጠበቅ የቆየ እንግዳ ቤት ሲገባ እንደሚያደርገው።

«በእግዜር፣ በእግዜር» አሉ። «አትነሳ ልጄ። ተቀመጥ።»

የቀለዱ መስሎኝ ነበር። አልቀለዱም። ሰው እንደተነሳላቸው ሁሉ ነው የተናገሩት። ከጣሪያው ድምፁ «ተቀብተዋል፤ ሜዳውን ይልቀቁ» አለ፤ እሳቸውም ለቀቁ። ያፌት ቁጭ እንዳለ ቀረ። ገብቼ ክንዱን ይዤ እስካነሳው ድረስ ከዚያ በርሜል ጀርባ አልወጣም። «አሸነፍክ እኮ!» አልኩት።

መሣሪያ መሰብሰብ የአሠልጣኝ ሥራ ነው። የጋሽ ናሆምን ሳነሳ ቀይዋ ቡሽ አፈሙዙ ላይ እንደተሰካች ናት። አልተነቀለችም። ረስተዋት ይሆናል፤ ሽማግሌ ይረሳል። ከበሩ ላይ ደረስኩባቸውና «ጋሽ ናሆም፣ ቡሹን ረሱት እንዴ?» አልኳቸው።

«የቱን ቡሽ?» አሉኝ። ያፌት ባርኔጣቸውን አመጣላቸው፤ አጠለቁት፤ ክንዱን ሰጣቸው፤ በመጡበት ታክሲ አብረው ሄዱ። ቡሹን ለያፌት አልነገርኩትም። ምን ብዬ?

ወር ሳይሞላ ያፌት ቤት ጠራኝ፤ ለቤት ምርቃት። ደከመኝ ብዬ ልቀር ነበር፣ ነውር ሆነብኝና አንድ ሳጥን ለስላሳ ገዝቼ ሄድኩ። ምድር ቤቱ ጠባብ ነው፣ ግድግዳው አዲስ ኖራ ይሸታል። እማማ ሶልያና ከበሩ አጠገብ ካለው መስኮት ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ወንበሩን ከደጁ ጋር አጠጋግተውላቸው ባዶ እግራቸውን አፈሩ ላይ አሳርፈዋል። ጣቶቻቸውን እያንቀሳቀሱ አፈሩን ይጭሩታል። ፊታቸው ላይ ያለውን ደስታ ሳይ እኔም ደስ አለኝ፤ እንዲህ ያለ ደስታ ከተሰማኝ ቆይቶ ነበር። ለካ ሥራዬ ለዚህ ነው ብዬ ሻይ ተቀበልኩ።

«ውሃቸውን አሁንም ታወጣላቸዋለህ?» አልኩት ያፌትን በቀስታ።

«ማን ያውጣላቸው?» አለ።

ሻዬን ሳላጋምስ በሩ ጨለም አለ። ቀና ስል ጋሽ ናሆም ናቸው። ከዘጠነኛ ፎቅ ብቻቸውን ወርደው፣ በአንድ እጃቸው ግድግዳውን፣ በሌላው በፌስታል ዳቦ ይዘው ያለከልካሉ። «ቤት ለእንቦሳ!» አሉ።

«እንቦሳ እሰሩ» አሉ እማማ።

ያፌት በርጩማ ላይ ነበር። ተረከዙ ተነሳ፤ አየሁት። ትከሻው ወደ ላይ ሄደ፣ ከዚያ ተስተካከለ፣ ወረደ። ሊነሳ ፈልጎ እንደነበር እምላለሁ። ግንባሩን አላበው። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለል ወለሉን ያያል፤ አልተነሳም።

እማማ ሶልያና ልጃቸውን አዩት። ጠበቁት። «ያፌት» አሉ። ደግመው ጠበቁት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው የመስኮቱን ብረት ያዙ።

«ኧረ ተይ ሶልዬ! በሞቴ!» አሉ ጋሽ ናሆም።

«አልተውም።»

እግራቸው ይንቀጠቀጣል፤ ብረቱ ይንቋቋል፤ እኔ ትንፋሼን ይዤ አያለሁ። ስንት ዘመን ያልቆመው እግር አፈሩን ረግጦ ቀስ በቀስ ቀና አለ። ሙሉ አልቆሙም፤ ከወገባቸው ጎብጠው፣ ብረቱን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ነው። ግን ተነሱ።

«ኖር!» አሉ።

«በእግዜር» አሉ ጋሽ ናሆም። ዳቦው ከእጃቸው ወደቀ፣ እሳቸውም ማልቀስ ጀመሩ።

እማማ ብረቱን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ።

«አስተማሪዋ አንቺ ነሽ፣ አይደል?»

«አዎ እማማ።»

«ጎበዝ አስተማሪ ነሽ» አሉኝ።

እኔም እስከዚያ ድረስ ቁጭ እንዳልኩ ያወቅሁት ያኔ ነው።